የቡችላው ሽምግልና

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረት በሉኝና ልቀጥል።

በአንድ ከተማ እናታቸውን ያጡ ቡችሎችና ግልገሎች የሚጠለሉበት በረት ነበር። የበረቱ ሹም በሬ ነው፤ ከደንብ ውልፍት አይልም። ከበረቱ ማዶ ደግሞ ፍየል ማንም ሳያዛት የወደቁትን እያነሳች በጓዳዋ ታሳድጋለች፤ አፏ ግን አያርፍም።

አንድ ቀን አንድ ቡችላ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። በሬ በአንገቱ፣ ፍየል በጅራቱ ያዙት።

«ደንቡ የጠፋ ሁሉ በረት ይግባ ይላል» አለ በሬ። «አንቺ ጓዳ የገባ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል?»

«አንተ በረት የገባስ መቼ በእግሩ ወጥቶ ያውቃል?» አለች ፍየል።

ቡችላው «እኔ እኮ ርቦኛል» አለ፤ የሰማው የለም።

ነገሩ ስለከረረ በሽማግሌ ይታይ ተባለ። ግን የአገሩ እንስሳ ግማሹ የበሬ፣ ግማሹ የፍየል ወዳጅ ነውና ገለልተኛ ሽማግሌ ጠፋ። በመጨረሻ ከሩቅ አገር የመጣ ጅብ አገኙና ቁርበት አነጠፉለት።

ጅብ ግራ ቀኙን በትዕግሥት አዳመጠ። ከዚያም «እንደ ወጉ፣ ፍርድ እስክሰጥ የተጣላችሁበት ነገር በሽማግሌ እጅ ይቆይ» አላቸው።

በሬ ለፍየል ከምሰጥ፣ ፍየልም ለበሬ ከምለቅ ይሻላል ብለው ተስማሙ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ክርክራቸውን አሳምረው መጡ። ጅብ ከንፈሩን ላስ ላስ አደረገና፣ «በሉ ታረቁ ልጆቼ» አለ። «ከእንግዲህ የሚያጣላችሁ ነገር የለም።»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ዛሬ አልፈልግም።