ለግራ ትከሻ የተመረጠው ጠመንጃ

አንድ ደምሰው የሚባል ስመ ጥር አዳኝ በቆላ አገር ይኖር ነበር። ከርከሮ ማሽላ ሲያወድም፣ ጅብ በረት ሲሰብር፣ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ቤት ነው። ሚስቱ ወለላ ብዙ የማትናገር፣ ግን ምንም ነገር ከዓይኗ የማያመልጣት ሴት ነበረች።

ከጊዜ በኋላ የደምሰው ቀኝ ዓይን እየፈዘዘ መጣና ጨርሶ ጠፋ። ለሚያየው ሰው ደህና ይመስል ስለነበር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ተኩሶ ሲስት "ይሄ ጠመንጃ አርጅቷል" ይላል። ደግሞ ሲስት "ጥይቱን እርጥበት ነክቶታል" ይላል። እኛ ወንዶች መቼም ጥፋታችንን የምንለጥፍበት ዕቃ አናጣም።

በዚያው ሰሞን አንድ ነብር መንደሩን አስጨነቀ። ፍየሉን ሲፈጅ ከርሞ በመጨረሻ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ላይ ዘሎ ትከሻዋን ቦጨቃት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አደን እንዲወጣ ወሰኑ፤ እንደ ወትሮውም የመጀመሪያውን ጥይት ደምሰው እንዲተኩስ ተስማሙ። የሳቱት ነብር ጠመንጃው ሁለተኛ ጥይት እስኪጎርስ አይጠብቅም። ደምሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። "ይቅርብኝ፣ አልችልም" ማለት ግን ከሞት ይልቅ ከበደው።

"አዲስ ጠመንጃ ያስፈልገኛል" አላት ወለላን። "ገበያ ውረጂና አንቺው ምረጪልኝ።"

በዚያ ገበያ ልማዱ፣ ጠመንጃ የሚገዛ ወንድ ሰው በተሰበሰበበት ኢላማ ተኩሶ መሞከር ነበር። ደምሰው የሸሸው ያንን ነው። ወለላም ለምን እንደላካት ገብቷታል። "እሺ" ብላ ብቻ ሄደች።

ነጋዴው የደምሰው ሚስት መሆኗን ሲሰማ ሰደፉ በብር የተለበጠ ጠመንጃ አወጣ። ገበያተኛው ሁሉ ከበበው።

"ለጀግና የሚመጥነው ይሄ ነው! ይህን አንግቶ ሲወጣ አገር ያየዋል" አላት።

ወለላ አነሳችው፤ ጉንጯን አስጠግታ ሞከረችውና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ጥግ ላይ የተደገፈ፣ ጌጥ የሌለው ጠመንጃ አየች።

"ያኛውስ?"

"እሱን ተይው እህቴ። ለግራኝ ሰው የተሠራ ነው። ሰደፉ ለግራ ጉንጭ ስለተጠረበ የሚገዛው አጥቶ ነው የተቀመጠው። ባልሽ ግራኝ ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግለት ነው?"

እስቲ እዚህ ላይ በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ብትናገር የሚስቅባት አይኖርም። ያ ቃል ግን ከእሷ ቀድሞ መንደር ይገባል፤ ባሏ ሕይወቱን አስይዞ የደበቀውን ነገር ገበያ ያወራዋል።

"ደስ አለኝ፤ ቀለል ይላል" አለች።

ገበያው በሳቅ አውካካ። አንዱ "ጠመንጃ እንደ ነጠላ ቀሎ ይመረጣል!" አለ። ሌላው "ሴት ልኮ ጠመንጃ የሚያስገዛ የእጁን አገኘ" ብሎ አከለበት። ወለላ ሁሉንም ችላ፣ ጠመንጃውን ተሸክማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ብሆን ኖሮ ከመንገዱ እኩሌታ ተመልሼ እውነቱን ጮኼ እናገር ነበር። እሷ አልተመለሰችም።

ደምሰው ጠመንጃውን ሲያይ ደሙ ፈላ።

"የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ! እኔ በግራኝ ጠመንጃ ምን ልሁንበት ነው?"

"አንድ ጊዜ ብቻ በግራ ትከሻህ ያዘውና ያንን ጉቶ እየው" አለችው።

እየተነጫነጨ አነሳው። ሰደፉ ትከሻው ላይ ገጠመ፤ ጉንጩ አረፈ፤ ጉቶውም ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየው። ደምሰው ለረጅም ጊዜ ጠመንጃውን አላወረደም።

"መቼ አወቅሽ?" አላት በመጨረሻ።

"ሁልጊዜ በቀኜ በኩል መቀመጥ ስትጀምር። በደህናው ዓይንህ እንድታየኝ ነበር አይደል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር። ነብሩ ግን አልጠበቀንም።"

ከዚያ በኋላ ከሰው ርቀው ወደ ሸለቆው እየወረዱ፣ እሷ ቅል እየሰቀለችለት፣ እሱ በግራ ትከሻው እየተኮሰ ሰነበቱ።

የአደኑ ቀን ነብሩ ከቁጥቋጦው ውስጥ ተስፈንጥሮ ወጣ። ደምሰው ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻው ሲያነሳ ያዩት ሁሉ ያበደ መሰላቸው። ተኮሰ። ነብሩ እፊቱ ተዘረረ።

በአገሩ ወግ ገዳይ የሆነ ሰው ይፎክራል፤ አባቱን፣ አያቱንና የራሱን ጀብዱ ይጠራል። ሰዉም ይህንን ሊሰማ ከቦ ቆመ። ደምሰው ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ጮኸ።

"ዘራፍ! ዘራፍ የወለላ ባል! ቀኝ ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል፤ አንዳችሁም አላያችሁም! እሷ አይታ ለግራዬ መረጠችልኝ! እናንተ ስትስቁባት እሷ የኔን ገመና ሸፍና ቻለችው! ዛሬ የገደለችው እሷ ናት!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ዓይንህ መጥፋቱን በአደባባይ መናገር አላሳፈረህም?" አሉት።

"አባቴ፣ እኔን ያሳፈረኝ እሷ ሲሳቅባት ዝም ማለቴ ነው" አላቸው።

ወዳጆቼ፣ ለምንወደው ሰው አንድ ነገር ስንመርጥ ብዙ ጊዜ የምናየው ዕቃውን፣ ወይም ሰው ምን እንደሚለን ነው። ወለላ ባሏን አየች፤ ስለዚህም የመረጠችው ልክ ሆነ። ድካሙን አውቃ አላዋረደችውም፤ ድጋፍ አበጀችለት። እሱም ከክብሩ ይልቅ የእሷን ስም አስቀደመ። ከሁለቱ የቱ ጀግና እንደሆነ እኔ መለየት አቅቶኛል።

እናንተንስ ለመሸፈን ብሎ፣ እውነቱን እያወቀ ዝም ብሎ የሚሳቅበት ሰው አጠገባችሁ ይኖር ይሆን? ካለ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት ስሙን ጥሩለት።