ያለ ናፍጣ አልሄድ ያለችው መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ፤ እዚህ በረት ውስጥ ያለችው ላም ሳትሆን አሮጌ የናፍጣ መኪና ነች። ወንድይራድ ከሦስተኛ ሰው እጅ ገዝቷት፣ ጠዋት እያስነጠሰች ዳገት ላይ እያለከለከች ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች። እናቱ ወይዘሮ በለጥሻቸው ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ መቀመጥ ስለማይችሉ አውቶቡስ አይሆናቸውም። የመኪናዋ የኋላ ወንበር ሲታጠፍ ግን ፍራሽ ይዘረጋበታል።

እኚህ ሴት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆላ ያለችው ታናሽ እህታቸው ሽታዬ ታማ እህል መቅመስ ትታለች፤ ሳትሞት ዓይኗን ልይ አሉ።

ወንድይራድ ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ ናፍጣ ጨርሳ፣ ያለ ናፍጣ አልሄድ አለች።

ጀሪካን አንጠልጥሎ ማደያ ሄደ። ቀጂው በጀሪካን የሚቀዳው የቀበሌ ደብዳቤ ላለው ነው ብሎ መለሰው። መኪናዋ ያለ ናፍጣ አልሄድ አለች፤ ቀጂው ያለ ደብዳቤ አልቀዳ አለ፤ እናትየው በር በሩን እያዩ ዋሉ።

ቀበሌ ሄደ። ጸሐፊዋ የመኪናዋን ቦሎ፣ የዓመቱን የምርመራ ወረቀት፣ ጠየቀችው። ቦሎዋ ካለፈ ሁለት ወሩ ነው። መኪናዋ ያለ ናፍጣ አልሄድ አለች፤ ቀጂው ያለ ደብዳቤ አልቀዳ አለ፤ ጸሐፊዋ ያለ ቦሎ አልጽፍ አለች፤ እናትየው በር በሩን እያዩ ሰነበቱ።

ቦሎ የሚሰጠው መርማሪ ዘንድ ሄደ። መርማሪው መኪናዋን በዓይኔ ሳላይ ቦሎ አልሰጥም፣ ይዘሃት ና አለው። በምን ትምጣ? በናፍጣ ነዋ! መርማሪው ያለ መኪና ቦሎ አልሰጥ አለ፤ ጸሐፊዋ ያለ ቦሎ አልጽፍ አለች፤ ቀጂው ያለ ደብዳቤ አልቀዳ አለ፤ መኪናዋ ያለ ናፍጣ አልሄድ አለች። እኔ ብሆን ጀሪካኑን እዚያው ወርውሬው እመጣ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከቆላ ተደወለ። ሽታዬ ሰው መለየት እያቃታት ነው፣ የምትጠራውም እህቷን ብቻ ነው አሉ። ወንድይራድ እናቱ ውስጥ እንደተኙ ቤቱን ቆልፎ ወደ መርማሪው ሮጠ። መርማሪው ቀና ሳይል ያንኑ ደገመለት። ያኔ ከየት እንደመጣ የማያውቀው ቃል ከአፉ ወጣ።

«አስከሬን ልጭንባት ነበር።»

መርማሪው ቆቡን አወለቀ። «የማን?»

«የእናቴ።»

በእኛ አገር ለታመመ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ለሞተ ሁሉም ብድግ ይላል። መርማሪው መኪናዋን ሳያይ ቦሎውን ሰጠ፤ ጸሐፊዋ ቦሎውን አይታ እንባዋን እየጠረገች ደብዳቤውን ጻፈች፤ ቀጂው ደብዳቤውን አይቶ ሰልፉን አስቁሞ ቀዳ።

ወሬው ግን ከናፍጣው ፈጠነ። ወንድይራድ ቤቱ ሲደርስ ጥሩንባ ተነፍቷል፣ የእድሩ ድንኳን ደጁ ላይ ቆሟል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ናፍጣውን መኪናዋ ውስጥ ገለበጠ፤ የናፍጣ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ እየገፋ አወጣ። መኪናዋም ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች።

በሩን ከፍቶ እናቱን ታቅፎ ወጣ። ለቅሶው ጣራ ነካ። በለጥሻቸው አንገታቸውን ሲያዞሩ ግን ሁሉም ባለበት ደረቀ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«እማዬ፣ አንቺን ገድዬሽ ነው ናፍጣ ያገኘሁት» አላቸው ልጃቸው፤ እያለቀሰ።

አሮጊቷ ድንኳኑን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ተዋቸው፣ ያልቅሱ» አሉ። «ስሞት ድጋሚ አይድከሙ።»

ከዚያ ወንድይራድ ፍራሹ ላይ አስተኛቸውና ወደ ቆላ ነዳ፤ ሽታዬም እስትንፋሷ ሳይወጣ ደረሱላት።