ከገደል የወረደው ደወል

«አንድ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ የኔታ፣ ዘርትሁን «በሐሰት መስክሮ ያሳሰረኝን ወንድሜን ይቅር ካልሁት፣ ያየሁት መከራ ሁሉ ከንቱ መቅረቱ አይደለምን?» ብላ በጠየቀቻቸው ጊዜ።

«ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣላ። ጎረቤቱም ቂም ቋጥሮ፣ ከገደሉ አፋፍ ረዥም ዐለት ገፍቶ ለቀቀበት። ዐለቱ እየተምዘገዘገ ወርዶ የገበሬውን እግር ሰበረና፣ ባፈረሰው የአጥር ካብ ላይ ተጋደመ። የገፋውም ሰው አገር ጥሎ ጠፋ።

«ገበሬው አንካሳ ሆኖ ሦስት ዓመት በደጁ ተቀመጠ። ዘመዶቹ ዐለቱን ፈልጠን እናንሣልህ ቢሉት፣ ‹ተዉት፤ ምስክሬ ነው› ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ምሬቱ ገንፍሎ በምርኩዙ ቢመታው፣ ዐለቱ እንደ መረዋ ደወል አስተጋባ። ደነገጠ። ደግሞ መታው። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው፤ ከማዶ ያርስ የነበረ ሰው በሬዎቹን አቁሞ አማተበ። ያን ጊዜ ገበሬው፣ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቀ።

«በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ ከስደት ተመለሰ። እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሎችን አስቀድሞ፣ ከደጁ ተንበረከከ። ‹ስለ እመብርሃን ማረኝ› አለው።

«ገበሬው እያነከሰ ቀርቦ ድንጋዩን በገዛ እጁ ከጫንቃው አወረደለት። ‹ይቅር ለእግዚአብሔር። ነገር ግን የለቀቅህብኝ ይህ አይደለም፤ ያውልህ፣ ያንን ተሸከም።›

«‹አንተ ሰው፣ ያንንማ ስምንት ጎልማሳ አያነሣውም› ብለው ሽማግሎቹ አጉረመረሙ።

«‹ዘጠነኛው እኔ ነኛ።›

«‹በአንድ እግርህ?›

«‹የሚሸከመው ጫንቃ ነው እንጂ እግር ነው እንዴ? ይልቅስ ቤተ ክርስቲያናችን ደወል የላትም፤ ቄሱም ምእመኑን ሲጣሩ ጉሮሯቸው አለቀ። ተነሡ!›

«የመንደሩን ጎልማሶች ጠርተው ዐለቱን በእንጨት ወሳንሳ አነሡት። ሁለቱ ባላንጣዎች ከፊት በኩል ከሸክሙ ሥር ጎን ለጎን ገቡ፤ ሌላው ሁሉ በአንካሳው እርምጃ ተራመደ። ሴቶቹ በእልልታ አጀቡ። በደጀ ሰላሙ ወይራ ላይ ባንጠለጠሉት ጊዜ ገበሬው መምቻውን ለጎረቤቱ ሰጠው፤ እርሱም እያለቀሰ መታው። አገሩ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ።»

የኔታ ወደ ዘርትሁን ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ዐለቱን የገፋው ሰው ነው፤ እግዚአብሔር አይደለም። ድምፁን በውስጡ ያኖረው ግን እርሱ ነው። ገበሬው ‹ምስክሬ› እያለ በደጁ አጋድሞት ቢኖር፣ መከራው ከንቱ የሚቀረው ያን ጊዜ ነበር። ያንቺም መከራ እንዲሁ ነው፤ ሌላውን የሚጠራ ድምፅ አለው። ብቻሽን ግን አታነሺውም። ሂጂ፣ ወንድምሽን ጥሪው።»