ዋርካ የሸፈነው ቤት

ከትልቅ ዋርካ ሥር በተሠራች ጎጆ የምትኖር አንዲት ባልቴት፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንድትለቅ ትእዛዝ ደረሳት። ጉልበቷን እያሻሸች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ የመሬት ኃላፊው ፊት ቆመች። ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ካርታ አዞረላት።

«ይኸው፣ ዛፍ እንጂ ቤት የለም። ባዶ መሬት ስለሆነ ለባለሀብት ሰጥተነዋል።»

«ቤቴማ ከዛፉ ሥር ነው። መጥተው ይዩት እንጂ ጌታዬ።»

«እማማ፣ ይሄ በሳተላይት የተነሳ ነው። ከሰማይ ሆኖ ሁሉን ያያል። ታዲያ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው ጭቃ የምረግጠው?»

ባልቴቷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከሰማይ ሆኖ ሁሉን የሚያየው እግዜር እንኳ፣ ሰዶምን ሊያጠፋ ሲነሳ ‹እስቲ ወርጄ ልይ› ብሏል። እርስዎ የሚወርዱት ከሦስተኛ ፎቅ ነው።»