የጋሽ አንዳርጌ ቦርሳ ያደመ ዕለት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፤ በረቱን መኪና ይዞታል።

ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንዲት ዳገታማ ከተማ ጋሽ አንዳርጌ የሚባል መካኒክ ነበር። ጋራዥ የለውም። መኪና የቆመበት ሰው ሲጠራው ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ በእግሩ ይሄዳል፣ ጠግኖም በእግሩ ይመለሳል። ከቦርሳው አራት ነገር አይጠፋም፤ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና አንድ አሮጌ ጨርቅ። መፍቻው ግትር ነው። ፒንሳው ሲናገር ይቆነጥጣል። ካቻቢቴው የማይገባበት ጉዳይ የለም። ጨርቁ የሁሉንም እድፍ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ጋሽ አንዳርጌ በባለመኪኖች ይስቅ ነበር። አንድ ነጋዴ መኪናው አልነሳ ብላው ከመንገዱ ማዶ ያለ ለቅሶ ሳይደርስ ሲቀር በዓይኑ አይቷል። «ባለመኪና ማለት እግሩን አደራ ሰጥቶ የረሳ ሰው ነው» ይላል። እንጀራው የሚወጣው ግን ከእነዚሁ እግራቸውን ከረሱት ሰዎች ስለሆነ፣ ሲስቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛው ሰማያዊ መኪናውን አምጥቶ ቁልፉን በእጁ አስጨበጠው። «ውሰዳት፣ ላንተ ሰጥቻለሁ» አለውና ፈገግ እያለ በእግሩ ሄደ። ጋሽ አንዳርጌ ፈገግታውን ልብ አላለውም።

መኪናዋ ምላሰኛ ነበረች። «አይ ጋሽ አንዳርጌ» አለችው፣ «የሰው መኪና ለማስነሳት ዳገቱን ስትወጣ ስትወርድ አንጀቴን ትበላዋለህ። መካኒክ በእግሩ ሲሄድ ያየ ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል?»

«ሙያ የለውም ይላላ።»

ይቺ ነገር ልቡ ውስጥ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሽ አንዳርጌ ጎረቤት ክብሪት ሊዋስ እንኳ በመኪና ሆነ።

ያን ሰሞን የልጁ የትርንጎ ነገር መጣ። ልብስ ሰፊው ብርሃኔ ወዷታል፤ እሷም ወዳዋለች፤ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ጋሽ አንዳርጌ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት፣ ደስ ብሎታል። ደንቡ የታወቀ ነው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ «ተቀመጡ» ሲባሉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ፤ መልሱን የሚሰጠው አባት ነው። አባት ከሌለ መልስ የለም።

የመጀመሪያው እሁድ ደረሰ። «ዛሬ እንኳ አትውጣ» አለችው ሚስቱ ወይዘሮ አሰገደች።

«አንድ ሰው ጠርቶኛል፣ ደርሼ እመለሳለሁ። ለመኪና ምን አላት?»

ሄደ፣ ጠገነ፣ ሲመለስ መኪናዋ ሰፈሩ መግቢያ ያለው ድልድይ ላይ ቀጥ አለች። ከድልድዩ የቤቱ ቆርቆሮ ይታያል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድ ዘፈን ዘፍኖ ሳይጨርስ ይደርሳል።

«በእግርህ ሂድ» አለው ጨርቁ።

«መካኒክ የቆመች መኪና ጥሎ ሲሄድ ያየ ሰው ምን ይላል?» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኗን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ፣ ተያዩ፣ ሄዱ።

ሁለተኛው እሁድ ደረሰ። «ዛሬስ አትውጣ» አለችው።

«ደርሼ እመለሳለሁ። ለመኪና ምን አላት?»

ሄደ፣ ጠገነ፣ ሲመለስ መኪናዋ እዚያው ድልድይ ላይ ቀጥ አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል እንኳ በእግሩ ይሄዳል» አለው ጨርቁ። ጋሽ አንዳርጌ «እንቁላል መካኒክ አይደለም» ብሎ ኮፈኗን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ፣ ተያዩ፣ ሄዱ። ሲሄዱ ግን ቃል ተዉ፤ «ሦስተኛው የመጨረሻችን ነው። አባት ካልተገኘ ንቆናል ብለን ሌላ በር እናንኳኳለን።»

ትርንጎ ስታለቅስ አገኛት። «አባዬ፣ እኔን ትተህ መኪናዋን ልትድር ነው?» አለችው። ጋሽ አንዳርጌ በጣም አፈረ። በሦስተኛው እሁድ ከቤት ንቅንቅ እንደማይል ማለ።

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ጠዋት ስኳር አለቀ። ሱቁ ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው። «እኔ አመጣለሁ» አለ ጋሽ አንዳርጌ፣ ቁልፉን አነሳና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ።

ይኼኔ ቦርሳው ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አለ ጨርቁ።

«እኛ ምን አደረግን?» አለ መፍቻው።

«መጠገን ስለሚችል መሄድ አቃተው። እኛ ባንኖር ይሄዳል።»

«እኔ ሥራዬን ጥዬ አልቀርም» አለ መፍቻው።

«እንግዲያው ትርንጎ ታልቅስ?» አለ ፒንሳው።

ትርንጎ ልጅ ሳለች ሚስማር ስትመታ ያደገችው በመፍቻው ነው። መፍቻው ከሁሉ ቀድሞ ከቦርሳው ወረደ። ሦስቱ አልጋ ሥር ገቡ፤ ቦርሳው እንዳይቀል ሦስት ድንች በቦታቸው ተተካ።

«እኛኮ ለወጥ ነው የተገዛነው» አሉ ድንቾቹ።

«ዛሬ መካኒክ ናችሁ» አላቸው ካቻቢቴው።

ጋሽ አንዳርጌ ሄደ፣ ስኳሩን ገዛ፣ ሲመለስ መኪናዋ ድልድዩ ላይ ቀጥ አለች። ኮፈኗን ከፈተ። ቦርሳውን ከፈተ። ድንቾቹ ቀና ብለው አዩት።

«መፍቻዬስ?»

«ሽማግሌ ሊቀበል ቤት ቀረ» አለ ጨርቁ። «ፒንሳውም፣ ካቻቢቴውም እንደዚያው። እኔ ላብህን ልጠርግ መጥቻለሁ።»

ጋሽ አንዳርጌ በጣቱ ሞከረ። በጥርሱም ሞከረ። «ጥለኸኝ ልትሄድ?» አለች መኪናዋ፤ «ሰው ምን ይላል?»

«ዕቃህ ቤት ነው፣ ልጅህም ቤት ናት» አለ ጨርቁ። «እግርህንስ ማን ወሰደብህ?»

ጋሽ አንዳርጌ ቁልቁል አየ። ሁለቱም እግሮቹ እዚያው ነበሩ። ስኳሩን ብብቱ ሥር ከቶ ሄደ። ትንፋሹ አጠረ፣ ግን ዘፈኑ ሳያልቅ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አልነበሩም። መጥተው የተመለሱ መስሎት ክው አለ፤ ትርንጎን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ጥቂት ቆይተው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ጥሩነህ፣ አቧራ ለብሰው ብቻቸውን ገቡ። «ጋሽ አንዳርጌ፣ አንድ የማይረባ ሰው ድልድዩ ላይ መኪና ገትሮ ተሰውሯል። መኪናችን ማለፍ አቃታት። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀምጠው ክላክስ ያስነፋሉ። ቦርሳህን ይዘህ ናና አንሳልን።»

«የማይረባው ሰው እኔ ነኝ» አለ ጋሽ አንዳርጌ። «እርስዎ በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

«ይርቃል?»

አቶ ጥሩነህ አሰብ አደረጉ። «የለም፣ ቅርብ ነው።»

«እንግዲያው እነሱም እርስዎ በመጡበት ይምጡ።»

ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እያጉረመረሙ፣ እያለከለኩ መጡ። ጉዳዩ ሳይሰማ የማይቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ማንም «ተቀመጡ» ሳይላቸው አግዳሚው ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ።

«ቁጭ ካላችሁማ ተፈጽሟል» አለ ጋሽ አንዳርጌ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።» ትርንጎ ከጓዳ እልል አለች፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። አልጋ ሥር መፍቻው ፒንሳውን፣ ፒንሳው ካቻቢቴውን ጎሸመ።

በማግሥቱ ጋሽ አንዳርጌ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አብዝቶ ያጉረመረመውን ፈልጎ የሰማያዊዋን መኪና ቁልፍ አስጨበጠው። «ውሰዳት፣ ላንተ ሰጥቻለሁ» አለውና ፈገግ እያለ በእግሩ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬው አስጠራው፤ እሱም ቦርሳውን አንግቶ ዳገቱን ወጣ።

መንገዱ ቅርብ ሆኖ ሳለ መሄጃውን ሲጠግን የዋለ፣ ሠርግ ያመልጠዋል። ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ፤ ዳቦውን ግን በእግራችሁ ሄዳችሁ ግዙ። ዳቦ ቤቱ እዚህ ማዶ ነው።