የደብሩ መኪና ቁልቁለት አልወርድም ያለችበት ምክንያት

እነሆ ላወጋችሁ ነው፤ ታግሣችሁ ስሙኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ የሄደበትም ሰው ደክሞት ነበር።

ሰኔ ገብቶ ደመናው በተራራው ትከሻ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ መምሬ ጥላዬ የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ካህን አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። ቆላ የሚኖሩት ታላቅ እኅታቸው እትዬ የሻረግ ታመው ተኝተዋል፤ «ወንዙ ሳይሞላ ና፣ ዐይንህን ልየው» ብለውም ልከውባቸዋል። ያ ወንዝ አንድ ጊዜ ከሞላ እስከ መስከረም ማንንም አያሻግርም፤ እትዬ የሻረግም እስከ መስከረም የሚቆዩ አይመስሉም። በእግር እንዳይወርዱ የመምሬ ጉልበት እምቢ አለ። ስለዚህ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከደብሩ ወይራ ሥር ወደምትቆመው አሮጌ መኪና ሄዱ።

«ደምሰው ልጄ፣ ወደ እኅቴ አውርደኝ» አሉ።

ሾፌሩ ደምሰው መሪውን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። «መውረዱንስ እንወርዳለን መምሬ፤ መቆሙን ነው የማላውቀው። ፍሬኑ አይይዝም። ፍሬኑ ካልያዘ እኔ አልነዳም» አላቸው።

መምሬም እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው ፍሬኑን ለመኑት። «ፍሬን ሆይ፣ ያዝ፤ ደምሰው ይንዳ፤ እኔም እኅቴን ልይ።» ወጉ ተረት ነውና ፍሬኑ አፍ አውጥቶ መለሰ። «በምኔ ልያዝ? ጎማውን አንቄ የማቆምበት ሸራዬ አልቆ ብረት ብረትን እየፋቀ ነው። አዲስ ሸራ ካልገባልኝ አልይዝም።»

አዲሱ ሸራ ከፋሲካ ጀምሮ በወረቀት እንደ ተጠቀለለ ከመቀመጫው ሥር ተኝቷል። መምሬ ወረቀቱን ገለጥ አደረጉት። «ሸራ ሆይ፣ ግባ፤ ፍሬኑ ይያዝ፤ ደምሰው ይንዳ፤ እኔም እኅቴን ልይ።» ሸራውም፣ «በየት በኩል? ቦታዬ ከጎማው በስተኋላ ነው። ጎማውን የያዘው ቡሎን ካልላላ አልገባም» አላቸው።

መምሬ ደግሞ ወደ ቡሎኑ ዞሩ። «ቡሎን ሆይ፣ ላላ፤ ሸራው ይግባ፤ ፍሬኑ ይያዝ፤ ደምሰው ይንዳ፤ እኔም እኅቴን ልይ።» ቡሎኑም፣ «ሦስት ክረምት ጭቃ ጠጥቼ ዝጌያለሁ። በልመና የምላላ አይደለሁም፤ መፍቻ ካልጠመዘዘኝ አልላላም» አለ።

«እኔም በጸሎት ይላላ እንደሆነ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የጠበቅሁት» አለ ደምሰው ከመሪው ላይ ሳይነሣ።

«አንተ መቼ ጸልየህ ታውቃለህ?» አሉና መምሬ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መፍቻው ከገበያው ማዶ በአገሩ ብቸኛ መካኒክ በስሜነህ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ካፊያው ጀምሯል፤ መምሬ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አረፉ። ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «መፍቻ ሆይ፣ ጠምዝዝ፤ ቡሎኑ ይላላ፤ ሸራው ይግባ፤ ፍሬኑ ይያዝ፤ ደምሰው ይንዳ፤ እኔም እኅቴን ልይ።» መፍቻውም፣ «ከተሰቀልሁ ሠላሳ ሦስት ቀኔ ነው። እጅ ካልያዘኝ አልጠመዝዝም» አለ።

ስሜነህ እጁን በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ከበሩ አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል። ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ።

«ስሜነህ፣ እጅህን አውጣ፤ መፍቻው ይጠምዝዝ፤ ቡሎኑ ይላላ፤ ሸራው ይግባ፤ ፍሬኑ ይያዝ፤ ደምሰው ይንዳ፤ እኔም እኅቴን ልይ።»

«አባቴ፣ እጄ ታስሯል። ቀኖና ላይ ነኝ።»

«ቀኖናውን የሰጠህ ማነው? ሄጄ ልለምነው» አሉ መምሬ፣ ሌላ መንገድ ሊሄዱ ምርኩዛቸውን እያነሡ።

ስሜነህ መሬት መሬት አየ። «ሩቅ አይሄዱም። እርስዎ ነዎት።»

መምሬ ተቀመጡ። ስሜነህም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስታወሳቸው። ያልፈተሸውን ፍሬን ፈትሼዋለሁ ብሎ አንዲት መኪና ለቋል፤ መኪናይቱም ቦይ ገብታለች፤ የሞተ ግን የለም። ተናዘዘ። መምሬም አርባ ቀን ጎማ እንዳይነካ፣ በየቀኑም አርባ አንድ እንዲሰግድ አዘዙት። ሠላሳ ሦስቱን ፈጽሞ ሰባት ቀርቶታል።

መምሬ በኑዛዜ የሰሙትን ኃጢአት እዚያው ይረሱት ዘንድ ራሳቸውን ያስለመዱ ሰው ናቸው፤ የተናዘዘውን በገበያ ሲያገኙት እንደ ንጹሕ ሊያዩት ነው። በዚህኛው ግን ከኃጢአቱ ጋር ቀኖናውንም ረስተውታል።

«እንግዲህ» አሉ በዝግታ፣ «እኔ ቀኖና ሰጠሁ፤ ቀኖናው እጅህን አሰረ፤ እጅህ መፍቻውን አልያዘ፤ መፍቻው ቡሎኑን አልጠመዘዘ፤ ቡሎኑ አልላላ፤ ሸራው አልገባ፤ ፍሬኑ አልያዘ፤ ደምሰው አልነዳ፤ እኔም እኅቴን አላየሁ።»

«ሰባት ቀን ቢታገሡኝስ?»

«እኔ እታገሥህ ነበር፤ ወንዙ አይታገሠኝም። ለራሴ ጉዳይ ብዬ ቀኖናህን ብቆርጠው ደግሞ የሚጠየቅበት እኔ ነኝ።» ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «የቀረውን ሰባት ቀን እኔ እሰግደዋለሁ።»

«አባቴ፣ ጉልበትዎ ቁልቁለቱን እምቢ ብሎ የለም?»

«ለዚህኛው አልጠየቅሁትም። አንተም በሰባቱ ቀን ፈንታ አራቱንም ጎማ ፈታተህ እንደ ነፍስህ መርምር።»

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ያን ጊዜ ቀኖናው እጁን ለቀቀ፤ እጁ መፍቻውን ይዞ ደብሩ ወይራ ሥር ደረሰ፤ መፍቻው ቡሎኑን ጠመዘዘ፤ ቡሎኑ እየጮኸ ላላ፤ ሸራው ገባ። ስሜነህ ግን በዚህ አላበቃም። የፍሬኑን ዘይት በጣቱ ነክቶ ለደምሰው አሳየው።

«እየው፣ ጠቁሯል፤ ውኃም ስቧል። በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን ብትረግጥ አየር ነው የምትረግጠው።» አሮጌውን አፍስሶ አዲስ ሞላ፤ አየሩንም አስወጣ። ጥርሱ ያለቀውን የፊት ጎማ በመለዋወጫው ተካ፤ የተሰነጠቀውንም የዝናብ መጥረጊያ ቀየረ። «ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ አትጣል። ከወንዙ ስትወጣ ሸራው ርሷልና፣ ቀስ እያልህ ፔዳሉን ነካ ነካ አድርገህ አድርቀው።»

«ከመምሬ ይልቅ አንተ ትሰብካለህ» አለ ደምሰው።

«ሠላሳ ሦስት ቀን ዝም ብዬ ነበር።» በደብሩ በር ፊት ሦስት ጊዜ አስነድቶ ሦስት ጊዜ አስቆመው። ከዚያ በኋላ ነው ሂዱ ያለው።

ፍሬኑ ያዘ፤ ደምሰው ነዳ፤ ወንዙ ገና ከጎማው ወገብ ሳይደርስ ተሻገሩ፤ መምሬም እኅታቸውን አዩ።

እትዬ የሻረግ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። «ምነው ዘገየህ፣ ጥላዬ?»

«እንዳልመጣ ያገደኝ ሰው ነበር።»

«ማነው እሱ?»

«እኔው ነኝ።» መምሬ ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው፣ በመከራ ተንበርክከው ሰገዱ።

«ይህ ደግሞ ስለ ማን ነው?»

የኑዛዜ ነገር ለእኅትም አይነገርም። «ስለ ፍሬን» አሉ መምሬ።

እትዬ የሻረግ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አሉ። «ስንት ነው?»

«አርባ አንድ። እስከ ሰባት ቀን።»

«ሰባት ቀን ከእኔ ልትቆይ ነዋ። በል እኔ እቆጥራለሁ፤ አንተ ከልጅነትህም እየዘለልህ ነው የምትቆጥር።»

በውጭ ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙም ከበስተኋላ መጮህ ጀመረ። እትዬ የሻረግ፣ «አንድ» አሉ። መምሬ ተነሡ፤ ደግመው ወደቁ። «ሁለት።»

እሳቸው ሲሰግዱ እኅታቸው ሲቆጥሩ ተውኋቸው። ፍሬኑ በያዘበት የእኔም ቃል ይቁም።