የጭቃው ፊርማ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር፣ ፊደልም ስለምገድፍ ይቅር በሉኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው፤ ለሚዳቋ ይህም ብዙ ነው ይላሉ። መስመሬ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ደግሞ በግራ ዓይኔ ስለማላይ ነው።

በእኛ ጫካ አንበሳ ይገዛል፣ ጅብ ይጠብቃል፣ ቀበሮ ይጽፋል፤ የቀረነው እንስማማለን። ምንጩ ዳር ስንሰበሰብ የተስማማ ሁሉ እግሩን እርጥብ ጭቃ ላይ ያትማል። ፊርማችን እሱ ነው። ያልተስማማ ቢኖር የት እንደሚያትም እስካሁን አልተወሰነም።

አምና በድኩላ ሰርግ ላይ ጎሹ ጋሽ መብረቅ ደስ ብሎት ቀንዱን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘ። ሰርግ ላይ ቀንድ መወዝወዝ ወጋችን ነው። እኔ ከኋላው ቆሜ እልል እል ነበር። ዓይኔ የጠፋው ያኔ ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ቀበሮ እኔን ከፊት አቁሞ አዋጁን አነበበ፤ “ከገላ ወጥቶ የሚታይ ሹል ነገር ሁሉ ይመዘገባል፤ ጫፉም በቅል ይሸፈናል።”

ጋሽ መብረቅ ወደ እኔ እያየ አለቀሰ። “የኔ ልጅ፣ በድዬሻለሁ። ግን ይህ ቀንድ የአባቴ ነው። ቅል አጥልቄበት ምን ልመስል ነው?”

“ዱባ” አለ ከርከሮ።

ጃርቷ ተነሳች። “የኔስ አንድ በአንድ ሊቆጠር ነው?” ቀበሮ መቁጠር ጀመረ። ሦስት መቶ ላይ ሲደርስ አስነጠሳትና እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ሁሉም ሲስቅ ጥንቸል ተቆጣች። “ሳቁ! እኔ በየሰርጉ ጥግ ለጥግ የምሄደው ቀንዳችሁን ፈርቼ ነው። ይሸፈን!”

እውነቷን ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ አባቴ ተነሳ። የአባቴ ቀንድ ከጣት አይበልጥም። በክረምት ጅብ ታናሽ ወንድሜን ከጉያችን ሊነጥቅ ሲመጣ ያባረረው ግን በዚያው ቀንድ ነው።

“ይሸፈን ካላችሁ ይሸፈን” አለ። “የጅቡ ጥርስስ? የጌታችን ጥፍርስ?”

“ጥርስ የመብል ዕቃ ነው” አለ ቀበሮ። “ማንኪያ ይመዝገብልህ እንዴ? ጥፍር ደግሞ የታለ?”

አንበሳ መዳፉን ዘረጋ። ጥጥ ይመስላል። “ዳስሱት” አለ። የዳሰሰ አልነበረም።

ሁላችንም ተራ በተራ አተምን። አባቴም አተመ፤ ሁለት ትንንሽ ቅሎች ታሰሩለት። በመጨረሻ አንበሳ አዋጁን ሊያጸድቅ ወረደ። ጭቃውን ስንረግጠው ስለዋልን ያንሸራትት ነበር። አዳለጠው፤ እንዳይወድቅም ቆንጥጦ ያዘ። እግሩን ሲያነሳ አራት ጥልቅ ቦዮች ጭቃው ላይ ቀሩ።

ሁሉም አየ። ሁሉም ቀና ብሎ ሰማዩን ተመለከተ።

“ሊዘንብ ነው መሰለኝ” አለች ጥንቸል። አንድም ደመና አልነበረም።

ስብሰባው ሲበተን ቀበሮ ጠራኝ። “አንቺ ልጅ፣ በሹል ነገር የተጎዳሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ የእኛ ወገን ነሽ። በይ ይሄን ዱካ ረግጠሽ አጥፊው።”

“እሺ” አልኩ። በስብሰባ ከእሺ ሌላ ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጅብ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። የአባቴን ቅሎች አይቶ “ያምርብሃል!” ይላል። ወንድሜን አይቶ ደግሞ “እንዴት አድጓል!” ይላል። እናቴ ወንድሜን ከሆዷ ሥር አታወጣውም።

ነገ ሌላ ስብሰባ አለ። “በዚህ ጫካ ጥፍር ታይቶ አያውቅም” በሚል ጽሑፍ ላይ እንድናትም ነው። አባቴ አላትምም ብሏል። “ውሸታም ቢሉኝ ምን አሳያቸዋለሁ?” እያለ ሲንጎራደድ ዋለ።

ለእሱም ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው፤ ያን ቀን የረገጥኩት ከአንበሳ ዱካ ጎን ያለውን ጭቃ ነው። ቦዮቹን በሰፊ ቅጠል ሸፈንኳቸው። ትናንት ሄጄ ገልጬ አየሁ፤ ጭቃው እንደ ሸክላ ደርቋል። አራቱም አሉ።